ሳሎኔ ውስጥ የከረመው ሞተር

ሞተር ሳይክሏን የገዛኋት ሳላስባት ነው። ጉርድ ሾላ የምሠራበት መሥሪያ ቤት አሮጌ ንብረቱን በጨረታ ሲያስወግድ ዓይኔ የነበረው አንድ የብረት ቁም ሳጥን ላይ ነበር። ጨረታው በጥቅል ስለሆነ ግን ቁም ሳጥኑን የፈለገ ሰው እግራቸው የተሰበረ አራት ወንበሮች፣ የማይሠራ ፎቶ ኮፒ ማሽንና ጎማዋ የተኛ አንዲት ሞተር ሳይክል አብሮ መውሰድ ነበረበት። ተጫረትኩ፣ ደረሰኝ። ቁም ሳጥኑ ቁልፍ እንደሌለው ያወቅሁት ቤት ከገባ በኋላ ነው፤ አልተናደድኩም። ሞተር ሳይክሏን ከጭነት መኪናው ስናወርዳት መሪዋን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስለ ቁም ሳጥን ያሰብኩ አይመስለኝም።

እኔ የሚሽከረከር ነገር አይቼ ማለፍ የማልችል ሰው ነኝ። ልጅ ሆኜ የእናቴን የስፌት መኪና እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈትቼ መልሼ ስገጥማት ሦስት ብሎን ተረፈኝ። መኪናዋ ሠራች፤ እኔ ግን ከመገረፍ አልዳንኩም። ካደግሁ በኋላም ሰው ቤት ተጋብዤ ማቀዝቀዣው እንግዳ ድምፅ ካሰማ ጨዋታው አይጥመኝም፣ ጆሮዬ ያለው ኩሽና ነው። እንዲህ ላለች ሴት ሙሉ ሞተር ሳይክል በቁም ሳጥን ምርቃት ሲመጣላት ምን እንደምትሆን መገመት አያቅትም።

ሰሚት አካባቢ ባለ የመንጃ ማሠልጠኛ ሜዳ ቅዳሜ ቅዳሜ ስምንት ቁጥር ስዞር ከርሜ የሞተር መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ከወንዶቹ ሁሉ ቀድሜ አለፍኩ ብዬ ማውራት እወዳለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ሁለተኛ ነበርኩ። ፈቃዱን በተቀበልኩ በወሩ ክልከላው መጣ። ፈቃድ ካለው ድርጅት በቀር በከተማዋ ውስጥ ማንም ሰው ለግሉ ሞተር ሳይክል መንዳት አይችልም ተባለ። ምክንያቱን ሰምቻለሁ፣ በሞተር እየመጣ ቦርሳ የሚነጥቀውንም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከሕግ ጋር የምጣላበት አቅምም ፍላጎትም የለኝም። የሚያናድደኝ አንድ ነገር ነው፦ መንጃ ፈቃዱን ማንም አልቀማኝም። ጊዜው ሲደርስ ሄጄ አሳድሳለሁ፣ ፎቶ እነሳለሁ፣ ዓይኔን እመረመራለሁ። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ማለት ይኸው ነው። አንዴ መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ "ሞተር አለሽ እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። "አለኝ፣ ሳሎን ውስጥ" አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

አልቀለድኩም። ክልከላው ሲመጣ ሞተሩን ከአካሏ አውርጄ ልጠግነው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ አውጥቼው ነበር። የሚነዳ ነገር ከሌለ መጠገኑ ለማን ብዬ ተስፋ ቆረጥኩና ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጬ ዳንቴል አለበስኩት። በረሮ እንዳይገባበት ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ወታተፍኩ። እንግዳ የሻይ ብርጭቆውን እላዩ ላይ ያስቀምጣል፤ እኔም ዝም እላለሁ። አካሏ ደግሞ ከነጎማዋ ምድር ቤት ደረጃው ሥር ቆማ አቧራ ጠጣች። እንዲህ እንደሆነ ዓመታት አለፉ።

አንድ ቅዳሜ በሬ ተንኳኳ። ምድር ቤት የሚኖሩት ጋሼ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን መካኒክ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት ቦሌ፣ አውሮፕላን የሚጠገንበት አዳራሽ ውስጥ ነው። እስከዚያ ቀን ከሰላምታ ያለፈ ነገር አውርተን አናውቅም።

"አንቺ ልጅ" አሉኝ፣ "ደረጃ ሥር የቆመችው ያንቺ ናት አሉ። ሞተሯ የት ሄደ?"

"እዚህ ነው ጋሼ፣ ሳሎን።"

"ልየው?"

ዳንቴሉን ገለጥኩላቸው። ጎንበስ ብለው በጣታቸው አንኳኩት፣ አሸተቱት፣ ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። "አይሸጥም፣ አይነዳም፤ ታዲያ ምን ልታደርጊው ነው?" አሉ። አፌ ቀደመኝ። "ሲነሳ መስማት እፈልጋለሁ" አልኳቸው። ድንገት እንባዬ መጣ፣ በብረት ነገር እንባዬ ሲመጣ ደግሞ አፈርኩ። ጋሼ ዓይናቸውን ከሞተሩ ላይ ሳያነሱ "እሱማ መብትሽ ነው" አሉ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት የኔና የሳቸው ሆነ። እንደዚያ ያለ ደስታ ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም፤ ሰኞ ቢሮ ገብቼ ቅዳሜን እቆጥር ነበር። ችግሩ ጠባያችን አለመግጠሙ ነው። እኔ ችኩል ነኝ፣ እሳቸው ደግሞ አንድ ብሎን ለማጥበቅ ሦስት ጊዜ መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። መፍቻዎቻቸውን የሚያስቀምጡት ወፍራም ጨርቅ ላይ ሲሆን የእያንዳንዱ መፍቻ ቅርጽ በእስክሪብቶ ዙሪያው ተነድፎበታል። ሥራ ሲጀመር ይቆጠራል፣ ሲያልቅ ይቆጠራል። አንድ ቦታ ባዶ ከሆነ ማንም ከክፍሉ አይወጣም። አንዴ አንዲት ትንሽ መፍቻ ጠፍታ ሶፋዬን ገልብጠን የአምና ፋንድያ... ይቅርታ፣ የአምና ፈንዲሻ አገኘን፣ መፍቻዋ ግን እጄ ላይ ነበረች።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ አውሮፕላን አይደለም" ስላቸው፣

"አውሮፕላን ሆድ ውስጥ የተረሳ መፍቻ መፍቻ አይደለም፣ ሬሳ ነው" ይላሉ። "ሳይቆጠር ሞተር አይነሳም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

በዚህ መሃል የብሎካችን ኮሚቴ ስብሰባ ጠራ። ሰብሳቢው ሁላችንም ሀጂ የምንላቸው ነጋዴ ናቸው፤ ከስልጤ በልጅነታቸው መጥተው በንግድ ያደጉ፣ አሁን ሠፈራችን ጫፍ ላይ የብሎኬት ማምረቻ ያላቸው ሰው ናቸው። ያልተጻፈ ነገር አያምኑም፤ የኮሚቴው መዝገብ ከብብታቸው አይለይም። አጀንዳው የኔ ሞተር ሳይክል ነበረች። መብራት በጠፋበት ቀን አንዲት እናት በመሪዋ ጎናቸውን ተመትተዋል፤ መተላለፊያውም የጋራ ነው። ልክ ናቸው፣ የምከራከርበት አልነበረኝም። ቢሆንም ተከራከርኩ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ" አሉኝ ሀጂ። "ንብረት ናት ወይስ ውዳቂ? ንብረት ከሆነች ትንቀሳቀሳለች።"

"ሀጂ፣ ቤትም እኮ አይንቀሳቀስም" አልኳቸው፤ ሰዉ ሳቀ።

ሀጂ ሊስቁ ፈልገው ተዉት። "እሑድ የኔ ግቢ ሥራ የለም፣ አጥር አለው፣ መንገድ አይደለም። እዚያ አስነሺያት። ከተነሳች መጋዘኔ ውስጥ ቦታ እሰጣታለሁ፣ ግቢው ውስጥ እንዳሻሽ ንጂያት። ካልተነሳች ሰኞ ጠዋት ቆራሌው ሲያልፍ በኪሎ ትሸጫታለሽ።" ይህንኑ በመዝገባቸው ጻፉት። ስድስት ቀን ነበረን።

በስድስት ቀን ሞተሩን ከሳሎን አውርደን አካሏ ላይ ገጠምን፣ ጎማዋንም አስነፋን። ቤንዚን የሌለን መሆኑን ያስታወስነው ዓርብ ዕለት ነው። ጀሪካን ይዤ ማደያ ሄድኩ፤ ለሞተር ሳይክል እንደሆነም ተናገርኩ።

"በጀሪካን አንሸጥም፣ ክልክል ነው። ሞተሩን ራሱን አምጪው" አለኝ ቀጂው።

"ሞተሩን መንዳት ክልክል ነው።"

"ፈቃድ ከሌለውማ ብታመጪውም አንቀዳልሽም።"

ጀሪካኔን አንጠልጥዬ ተመለስኩ። ሠፈር ደርሼ የመኪና ማቆሚያውን ስቃኝ ሰዉ ሁሉ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል፤ ገመድ በየመስኮቱ ተንጠልጥሏል፣ አንዲት ጠብታ ቤንዚን የሚለምኑት ጎረቤት የለም። ቤንዚን የሚጠጣ አንድ መኪና ብቻ ቀርቷል፣ እሱም የሀጂ አሮጌ መኪና ነው። ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

"እኔው ልፈርድብሽ፣ እኔው ነዳጅ ልስጥሽ?" አሉኝ።

"አዎ ሀጂ።"

ትንሽ አዩኝ። "ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረብሽም" አሉና እሑድ መኪናዋን ይዘው ግቢው እንደሚመጡ ነገሩኝ።

እሑድ ጠዋት ጋሼ በካፖርታቸው፣ እኔ በሥራ ሱሪዬ፣ ሞተር ሳይክሏን መግፋት ጀመርን። ኮብልስቶኑ ላይ መላ አካሏ ይንቀጠቀጣል፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ነጠላ የለበሱ ሴቶች ቆመው ያዩናል፣ አንዷ እንዲያውም "አይዟችሁ" አለችን። ሠርግ የምሄድ ነበር የመሰለኝ። መታጠፊያው ላይ የትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘረጋ።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?"

"እየገፋን" አልኩት።

ዙሪያዋን ዞራት። የቤንዚን ታንከሯን ክዳን ከፍቶ አየ፤ ባዶ ነው። መንጃ ፈቃዴን ጠየቀኝ፣ በኩራት አወጣሁለት። ፈቃዱን አየ፣ እኔን አየ፣ ጋሼን አየ። "መግፋትን የሚከለክል አላውቅም" አለ በመጨረሻ፣ "ግን እንዳትወጪባት።" ቁልቁለቱን ስንወርድ ልቀመጥባት ምንኛ እንዳማረኝ እኔና እግዚአብሔር ብቻ ነን የምናውቀው። አልተቀመጥኩም።

የሀጂ ግቢ ሰፊ ነው፤ ብሎኬቱ በረድፍ በረድፍ ተደርድሮ በመሃሉ መኪና የሚያሳልፍ መንገድ ተዘርግቷል፣ መሬቱ ሲሚንቶ ነው። ሀጂ ከመኪናቸው በቀጭን ጎማ ቤንዚን ስበው ራሳቸው ቀዱልን፤ አፋቸውን ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጡ። ሁሉም ነገር ተዘጋጀ። እግሬን ማስነሻው ላይ አሳረፍኩ።

"ቆይ" አሉ ጋሼ። ጨርቃቸውን ዘርግተው እየቆጠሩ ነበር። "ቁጥር አስር መፍቻ የለም።"

"ቤት ረስተነው ይሆናል።"

"ስንወጣ ቆጥሬያለሁ። ደጅ ላይ የሞተሩን ማሠሪያ ያጠበቅሁት በሱ ነው። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።"

ዙሪያችንን ፈለግን፣ መንገዱን እስከ በሩ ድረስ ተመለስን፣ የለም። "ይፈታ" አሉ ጋሼ። "አየር የሚስብበት በኩል ክፍት ነበር፣ ወድቆበት ሊሆን ይችላል።"

እዚህ ላይ ያደረግሁትን ስናገር ዛሬም ፊቴ ይቀላል። ጮህኩባቸው። ያን የሚያክል መፍቻ በዚያች ቀዳዳ ሊገባ እንደማይችል፣ ሥራቸውን የለቀቁት ዛሬ እንዳልሆነ፣ እድሜ ልካቸውን ሲቆጥሩ ኖረው እኔንም ቆጥረው ሊገድሉኝ እንደሆነ ተናገርኩ። አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ናቸው። ጋሼ ከቀሩት መፍቻዎች አንዱን በትህትና አቀበሉኝ። ሀጂ ሰዓታቸውን አይተው "እኔ ሰግጄ እመለሳለሁ። ያኔ ወይ ትነሳለች ወይ ትጫናለች" ብለው ወደ መጋዘኑ ሄዱ።

እያለቀስኩ ፈታሁ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር አወረድኩ፣ በስልኬ መብራት ቀዳዳውን አየሁ። ጥቁር ነው። ጣቴን ሰደድኩ፤ ብረት መስሎ የታየኝ ነገር ለሰስ አለ። በጉጠት ያዝኩና ሳብኩት። ወጣ፣ ወጣ፣ አሁንም ወጣ። ክንድ የሚያህል ጨርቅ ነበር፣ ከሞተሩ ጥላሸት ጋር ተመሳስሎ የጠቆረ። ያን ጊዜ ለበረሮ ብዬ በእርሳስ ጀርባ ወደ ውስጥ የጠቀጠቅሁት፣ ሌሎቹን ሳወጣ የረሳሁት የገዛ ጨርቄ።

ጋሼና እኔ ተያየን። በዚህ ጨርቅ ሞተሩ እስከ ማታ ብረግጠው አይነሳም ነበር። እኔ ሞቷል እላለሁ፣ ሀጂ መዝገባቸው ላይ ይጽፋሉ፣ ሰኞ ጠዋት ቆራሌው በሚዛኑ ይመጣል። ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ። "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

"ተነሺ፣ ተነሺ" አሉና እጃቸውን ሊሰጡኝ ጎንበስ ሲሉ ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ አንድ ነገር ወጥቶ ሲሚንቶው ላይ አቃጨለ። ቁጥር አስር መፍቻ።

ጋሼ አጎንብሰው እንዳሉ ቀሩ። አላነሱትም። እኔ አነሳሁና የመፍቻዎቹ ጨርቅ ላይ በተነደፈለት ቦታ አስቀመጥኩት። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር ከዚያ በፊት አይቼባቸው አላውቅም፤ የደነገጠ ሰው ፊት ነበር። "እንኳንም ኪስዎ ገባ" አልኳቸው፣ ከልቤ ነበር።

ሀጂ ሲመለሱ ካርቡራተሩ ቦታው ገብቷል። መፍቻው ተቆጠረ፣ ሙሉ ነው። ማስነሻውን ረገጥኩ። ምንም የለም። ደግሜ ረገጥኩ፣ አንዴ አስነጠሰ። ሀጂ መዝገቡን ከፈቱ። በሦስተኛው ሙሉ ክብደቴን ሰጠሁት።

ተነሳ! ሰማያዊ ጭስ ትፍ ብሎ፣ ቱፍ ቱፍ ብሎ፣ ከዚያ ተረጋግቶ ድም ድም እያለ ተነሳ! የመጋዘኑ ጣሪያ ላይ የነበሩ እርግቦች ብን ብለው ሄዱ። እልል አልኩ፤ ብቻዬን፣ በብሎኬት ግቢ ውስጥ። ድምፁን በጆሮዬ ሳይሆን በእጄ መዳፍ፣ በጉልበቴ፣ በጥርሴ ነው የሰማሁት። ሳሎኔ ውስጥ ሻይ ሲቀመጥበት የኖረው ብረት ይህን ሁሉ ጩኸት በሆዱ ይዞ ነበር።

ተቀመጥኩባት። አንደኛ ማርሽ አስገባሁና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅሁ። ሄደች! የመጀመሪያውን ረድፍ ጨረስኩ፣ ታጠፍኩ፣ ሁለተኛውን ገባሁ። ሁለተኛ ማርሽ። ብሎኬቱ በግራና በቀኝ ግራጫ ሆኖ ይሸሻል፣ ነፋስ ሸሚዜን ይነፋዋል፣ ከላዬ ቦሌ ሊያርፍ የወረደ አውሮፕላን ያልፋል፣ እኔ ግን የኔን ሞተር ነው የምሰማው። የግቢው በር ክፍት ነበር። ከበሩ ውጪ መንገዱ እስከ ሠፈሩ ድረስ ተዘርግቶ ይታያል። እዚያ ስደርስ እጄ ነዳጅ መስጠት ፈለገ፣ በጣም ፈለገ፤ ፍሬን ያዝኩና ዞርኩ። ስንት ዙር እንደዞርኩ አላውቅም። ሀጂ ዘጠኝ ነው አሉ፣ ቆጥረዋል።

ሞተሩን ሳላጠፋ አቆምኳት። ጋሼ መጥተው ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አስጠጉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሀጂ መዝገቡን ይዘው ቀረቡ።

"ቃሌ ቃል ነው፣ መጋዘን ትገባለች" አሉ። "ግን ቤንዚን የያዘ ነገር ነው፣ ሲሚንቶና ጣውላ አለኝ። መርምሬያታለሁ፣ ደህና ናት ብሎ የሚፈርምልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ሳይፈረም አትገባም። ጋሼ፣ ባለሙያው እርስዎ ነዎት።"

ጋሼ እስክሪብቶውን ተቀበሉ። የተጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ሊፈርሙ እጃቸውን አቀረቡና ቆሙ፤ ከዚያ እስክሪብቶውን ወደኔ ዘረጉት።

"ሠላሳ አራት ዓመት ለአውሮፕላን ፈርሜያለሁ" አሉ። "ዛሬ መፍቻ በኪሴ ይዤ ይፈታ ያልኩ ሰው ነኝ። እኔ አልፈርምም። እሷ ትፈርም።"

"ጋሼ፣ ጨርቁን የረሳሁትም እኮ እኔ ነኝ!"

"የት እንደረሳሽው አሁን ታውቂያለሽ" አሉኝ። "እኔ መፍቻውን መቼ ኪሴ እንደከተትኩት እንኳ አላውቅም። የሚፈርመው የሚያውቅ ሰው ነው። በይ።"

መዝገቡን መቀመጫዋ ላይ አስደግፌ ፈረምኩ። ሞተሩ ያንቀጠቀጠው እጄ ገና አልረጋም ነበርና ፊርማዬ መስመሩን አልፎ ተጣመመ፣ ከሥሩም ዘይት የነካው ጣቴ ታተመበት። ሀጂ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩት።

"ይሄ ምንድን ነው? አይነበብም እኮ።"

"የመካኒክ ፊርማ ነው" አሉ ጋሼ። "መዝገቡን ይዝጉት።"